ከመፈረማችሁ በፊት፣ ቀኑም ሳያልፍባችሁ፦ ከሥራ ክርክሬ የማካፍላችሁ

ከሥራ የተሰናበተ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሕግ ትዝ የሚለው ቆይቶ ነው። ብዙ ሠራተኛ መብቱን የሚያጣውም በዚሁ መሃል ነው። ሕጉ ስለማይደግፈው አይደለም፤ ቀኑ ስላለፈበት ወይም መፈረም የሌለበትን ወረቀት ስለፈረመ ነው። እኔ ከአሠሪዬ ጋር ፍርድ ቤት ቆሜ ተከራክሬያለሁ። ተፈርዶልኛል፤ ገንዘቤንም ተቀብያለሁ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ መጋዘን ውስጥ የሠራሁ ሴት ነኝ። ግን በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። አሁን የስንብት ደብዳቤ ይዞ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ሕጉ ማንን እንደሚመለከት ልበል። በግል ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በባንክ፣ በግል ትምህርት ቤት የምንሠራ ሰዎች የምንዳኘው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የቀድሞውን 377/1996 የተካው ይህ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ፖሊሶች፣ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎች የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችንም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ጉዳያቸው ለብቻው በደንብ ይታያል ተብሎ ነው የተተወው። ይህ ሁሌም ያንገበግበኛል። ከሁሉም በላይ ጥበቃ የሚያስፈልጋቸው እነሱ ናቸው።

የእኔ ጉዳይ እንዲህ ነበር። ቃሊቲ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። መኪና ከጅቡቲ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። በተለይ በዓል ሲቃረብ ዕቃ ሳይራገፍና ሳይቆጠር ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ዛሬ ሁለት መኪና ይገባል፣ ማንም እንዳይወጣ» የሚል መልእክት ይመጣል። እናድራለን። በወሩ መጨረሻ ግን የትርፍ ሰዓት የሚባል ክፍያ የለም። አንዳንዴ ለእራት ትንሽ ገንዘብ ይሰጠናል፤ አንዳንዴ እሱም የለም።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያውም በሰዓቱ ይለያያል። በሰዓት 50 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ እንውሰድ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ከሠራ አንድ ተኩል ይከፈለዋል፤ ማለትም 75 ብር። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በ1.75 ተባዝቶ 87 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። በሳምንት የዕረፍት ቀኑ ከሠራ እጥፍ፣ 100 ብር። በሕዝብ በዓል ከሆነ ሁለት ተኩል፣ 125 ብር። «እራት አብልተናችኋል» የሚለው መልስ በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስለዚህ አቤቱታ ጻፍን። ረቂቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ የፈረምነው ግን ብዙ ነን። በሰው ሀብት ክፍል መዝገብ ቤት ገቢ አድርገን ቅጂው ላይ ማህተምና ቀን አስመታን። ይህቺ ማህተም በኋላ ምን ያህል እንደጠቀመችኝ ልነግራችሁ አልችልም። አቤቱታ በቃል ከሆነ «ማንም የጠየቀን የለም» ማለት ቀላል ነው። ማህተም ካለበት ግን አይቻልም።

ብዙም ሳይቆይ ቢሮ ተጠራሁ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረገው። በስሜ የተጻፈ የሥራ መልቀቂያ ነው። ስሜ፣ የሥራ መደቤ፣ የተቀጠርኩበት ቀን፣ ሁሉም በትክክል ተሞልቷል። «በግል ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ መልቀቄን እየገለጽኩ» ይላል። የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነው። እስክሪብቶው ጭምር ተከፍቶ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል።

«እህቴ፣ ለራስሽ ብዬ ነው» አለኝ። «ፈርሚና የሥራ ልምድሽን ንጹህ አድርገን እንሰጥሻለን። እምቢ ካልሽ በጥፋት ነው የምትሰናበቺው። ከዚያ ማን ይቀጥርሻል?»

«ቤት ወስጄ ላንብበው» አልኩት።

«እዚሁ ነው የሚፈረመው።»

አልፈረምኩም። ጎበዝ ስለሆንኩ አልነበረም፤ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስለነበረ ነው። ከእኛ ጋር ሾፌር የነበሩ አንድ ጋሼ ከዚያ በፊት ተሰናብተው ነበር። የድርጅቱ ባለቤት የአገራቸው ልጅ ነው፣ ይተዋወቃሉ። «ጋሼ፣ በእኛ መሃል ፍርድ ቤት ምን ያደርጋል? ከፋሲካ በኋላ ይምጡና እንነጋገራለን» አላቸው። ከፋሲካ በኋላ ሄዱ፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ነው ተባሉ። ሽማግሌ ላኩ፤ ሽማግሌዎቹን በደስታ ተቀብለዋቸው ቡና ተጠጣ። በመጨረሻ ሲከፋቸው ከሰሱ። የድርጅቱ ጠበቃ ፍሬ ነገሩን እንኳን አልተከራከረም። «ክሱ በይርጋ ቀሪ ይሁን» ብሎ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ብሎ ብቻ ጻፈ። መዝገቡ ተዘጋ። «ልጄ፣ እኔን ያየሽ ተቀጪ» ያሉኝ በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ይርጋ በደንብ ልንገራችሁ፤ ከምጽፈው ሁሉ ዋናው ይህ ነውና። ከሥራ በሕገወጥ መንገድ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ መቅረብ ያለበት ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ መጠየቅ ካለበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይታገዳል። ውሉ በመቋረጡ ምክንያት የሚመጣ ማንኛውም ክፍያም፣ ስንብትም ሆነ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ከተሰናበታችሁበት ቀን አንስቶ 6 ወር ነው ያለው። ጊዜ ለይቶ ያልተቀመጠለት ሌላው ጥያቄ አንድ ዓመት አለው። አንቀጽ 163 ነው፤ አውጥታችሁ አንብቡት።

ከአሠሪው ጋር በስልክ ማውራት፣ ሽማግሌ መላክ፣ ቢሮ መመላለስ ይህን ጊዜ አያቆመውም። የሚያቋርጠው ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን ላለው አካል ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው «አዎ፣ ይህ ዕዳ አለብኝ» ብሎ በጽሑፍ ሲያምን ነው። ሽማግሌ አትላኩ እያልኩ አይደለም። እርቅ ጥሩ ነው፤ ባህላችንም ነው። ግን ክሱን አስገብታችሁ ታረቁ። ክስ ከገባ በኋላ የሚመጣ የእርቅ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው፤ በእኔም ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ፍርድ ቤቱም ስምምነቱን መዝግቦ ያጸድቅላችኋል።

ስለ ትርፍ ሰዓቱ 6 ወር አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ ወር ለብቻው ነው የሚቆጠረው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልተከፈላችሁ ብትሆኑ እንኳን ክስ ካስገባችሁበት ቀን ወደ ኋላ የምታገኙት የ6 ወሩን ነው። የእኔም እንዲሁ ሆኗል። ስለዚህ «ስለቅ አንድ ላይ እጠይቃለሁ» የሚል ሰው ገንዘቡን በየወሩ እየተወ ነው።

ለምን መልቀቂያ ያስፈርማሉ? በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛ የሕገወጥ ስንብት ካሣ የለውም፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም የለውም። እንዲያውም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ያለበት ራሱ ነው። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ቢለቅም የስንብት ክፍያ የሚያገኝበት ድንጋጌ አለ፤ ከዚያ በታች ያገለገለ ግን እሱንም ያጣል። «ተገድጄ ነው የፈረምኩት» ብሎ ማስረዳት ደግሞ እጅግ ከባድ ነው። ክፍሉ ውስጥ የነበራችሁት እናንተና እነሱ ብቻ ናችኋ።

ከቀናት በኋላ የስንብት ደብዳቤው መጣ። ምክንያቱ፦ «ያለ ፈቃድ ለአምስት ቀን ከሥራ ቀርታለች።» ደብዳቤ ሲሰጣችሁ አልቀበልም ብላችሁ አትመልሱት። ተቀበሉ፤ የተቀበላችሁበትን ቀን ጻፉ፤ «ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልስማማም» ብላችሁ ፈርሙ። ይህ መልቀቂያ እንደመፈረም አይደለም። ደብዳቤው እጃችሁ ከገባ አሠሪው ከጻፈው ምክንያት ውጭ ሌላ ምክንያት ፍርድ ቤት ላይ ይዞ መምጣት ይከብደዋል። ሕጉም ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት ይላል። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» ብሎ በቃል ማባረር፣ ወይም ጥበቃ በር ላይ እንዳያስገባ ማዘዝ ሕጋዊ አይደለም። እንዲህ ከገጠማችሁ በዚያው ቀን «ሥራ ልገባ መጥቼ ተከልክያለሁ» የሚል ደብዳቤ ጽፋችሁ አስገቡ። መዝገብ ቤት አልቀበልም ካለ በአደራ ፖስታ ላኩት፤ ደረሰኙን ያዙ።

ወደ አምስቱ ቀን ልመለስ። ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ወዲያውኑ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች አንቀጽ 27 ላይ ተዘርዝረዋል። ማርፈድ ለብቻው አያሰናብትም፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ መድረስ አለበት። መቅረትም እንዲሁ ነው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን የቀረ ሠራተኛ ነው የሚሰናበተው። እኔ አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም። ከዚያም በላይ ቀርታለች የተባልኩባቸው ቀናት እናቴ ታመው አገር ቤት የሄድኩባቸው ናቸው፤ የዓመት ፈቃድ ሞልቼ የቅርብ አለቃዬ ፈርሞልኝ ነበር። ቅጹን ከማስገባቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ዋናው ቅጽ ከግል ማህደሬ ውስጥ ጠፍቷል ተባለ። ፎቶው ግን አልጠፋም።

ሌላም ነገር ነበር። አሠሪው የስንብት ምክንያት የሆነውን ጥፋት ካወቀበት ቀን አንስቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱን ያጣል። እኔ ፈቃድ የወጣሁት ከወራት በፊት ነው። አቤቱታ ከጻፍን በኋላ ነው ትዝ ያላቸው። በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ደግሞ በሕጉ ለስንብት ምክንያት ሊሆን ከማይችሉት ነገሮች አንዱ ነው። የማኅበር አባልነት፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ እርግዝና እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው ፍላጎቱ ከሆነ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው።

ክሱን ለመጻፍ ወደ ኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሄድኩ። ለሴቶች በነፃ የሕግ ምክር ይሰጣሉ፤ ክስም ያዘጋጃሉ። ያገኘኋት ባለሙያ መጀመሪያ ያለችኝ «ታሪኩን ቆይ፣ ወረቀቶችሽን አሳዪኝ» ነበር። የቅጥር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማሳደጊያ ደብዳቤ፣ የመጨረሻው ወር የደመወዝ ደረሰኝ፣ አቤቱታው፣ የስንብት ደብዳቤው። አንድ በአንድ በቀን ቅደም ተከተል ደረደረቻቸው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን እያየች ክሱን ጻፈች። ያን ጊዜ ነው ክርክሬ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ራሴ የገባኝ።

የቅጥር ደብዳቤ የላችሁም? አትፍሩ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት፤ ባይሰጥም እናንተ መብታችሁን አታጡም። ደመወዝ በባንክ የገባበት ዝርዝር፣ መታወቂያ፣ የጡረታ መዋጮ፣ ምስክር፣ ሁሉም ቅጥሩን ያስረዳል። በየዓመቱ ውል እየታደሰላችሁ ለዓመታት የሠራችሁም ብትሆኑ ሥራው የድርጅቱ ቋሚ ሥራ ከሆነ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ሊቆጠር ይችላል። ኮንትራት ነህ ስላሏችሁ ብቻ ተስፋ አትቁረጡ። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ግን ጥበቃው ጠባብ ነው፤ በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊሰናበት ይችላል። ያውም የሙከራ ቅጥሩ በጽሑፍ ከሆነ ነው።

በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም። ይህን የማያውቅ ብዙ ሰው ገንዘብ የለኝም ብሎ ይተወዋል። ከክሱ ጋር የማስረጃ ዝርዝር ይያያዛል። በእናንተ እጅ የሌለ፣ በአሠሪው እጅ ያለ ማስረጃ ካለ «በተከሳሽ እጅ የሚገኝ፣ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልኝ» ብላችሁ እዚያው ዝርዝር ላይ ጻፉት። እኔ የጠየቅኩት የመጋዘኑን የበር መግቢያና መውጫ መዝገብ ነበር። ጥበቃዎቹ የከባድ መኪናውን ታርጋ፣ የገባበትን ሰዓት፣ የወጣነውን ሰዎች ስምና ሰዓት በእጃቸው ይጽፉበታል። ትርፍ ሰዓት በአሠሪ ትእዛዝ የተሠራ መሆን አለበት፤ የቴሌግራሙ መልእክት ትእዛዙን አሳየ፣ መዝገቡ ሰዓቱን አሳየ።

ድርጅቱ ያቀረበው መከላከያ ግን ያልጠበቅኩት ነበር። «ከሳሽ የመጋዘን ኃላፊ ናት፤ ስለዚህ የሥራ መሪ ናት፤ አዋጁ አይመለከታትም» አሉ። እውነት ነው፣ የሥራ መሪ በአዋጅ 1156 አይዳኝም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው ጉዳዩ የሚታየው፤ ጥበቃውም በጣም ያነሰ ነው። ቃሉን ደብዳቤዬ ላይ ሳየው ደስ ብሎኝ የነበረው «ኃላፊ» የሚል ማዕረግ እዚያ ችሎት ላይ መሣሪያ ሆኖ መጣብኝ። ዳኛዋ ግን የጠየቁኝ ስለ ማዕረጉ አይደለም። «ሠራተኛ ትቀጥሪያለሽ? ታሰናብቻለሽ? ታግጃለሽ? ከቦታ ቦታ ታዛውሪያለሽ?» ነው ያሉኝ። አንዱንም አላደርግም። ዕቃ እቆጥራለሁ፣ ሰነድ እፈርማለሁ፣ የጉልበት ሠራተኞችን ሥራ አሳያለሁ፤ በቃ። ሕጉ የሚያየው ድርጅቱን የመምራት ወይም የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን መኖሩን እንጂ በር ላይ የተለጠፈውን ስም አይደለም። ሱፐርቫይዘር፣ አስተባባሪ፣ ሺፍት ሊደር የምትባሉ ሰዎች ይህን ያዙልኝ። ዛሬ ድርጅቶች ማዕረጉን በነፃ የሚያድሉት አንዳንዴ ለዚህም ነው ብዬ አምናለሁ።

ምስክር ማግኘት ከሁሉም ከበደኝ። አብረውኝ አቤቱታውን የፈረሙ ልጆች እንጀራቸውን ፈሩ። አልፈረድኩባቸውም። በፍርድ ቤት ክርክር ተሳትፈሃል ብሎ ሠራተኛን ማሰናበት ክልክል ነው፤ ግን ይህን ሰምቶ ልቡ የሚሞላ ሰው ጥቂት ነው። የመጡልኝ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ናቸው፤ በኤጀንሲ ተቀጥረው የነበሩና ያኔ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወሩ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙና ማሉ። ጠበቃው «በዚያን ሌሊት የወጣችበትን ሰዓት እንዴት ሊያስታውሱ ቻሉ?» ብሎ አፋጠጣቸው። «እኔ አላስታውስም ጌታዬ፣ መዝገቡ ነው የሚያስታውሰው። የእኔ ጽሕፈት ነው» አሉ። መዝገቡ ተገልጦ ሲታያቸው ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው አነበቡት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥያቄ አልቀረበላቸውም።

ማስረዳት ያለበት ማነው የሚለውንም እወቁ። እኔ ማስረዳት የነበረብኝ ተቀጥሬ እንደነበርና መሰናበቴን ነው። ያሰናበትኩት በበቂ ምክንያት ነው የሚለውን ማስረዳት የአሠሪው ሸክም ነው። ብዙ ሰው ንጹህነቱን ራሱ ማረጋገጥ ያለበት ይመስለውና ገና ሳይጀምር ይደክማል። መጋዘን ወይም ገንዘብ ያዥ የሆናችሁ ሰዎች «ጉድለት አለብሽ» ስትባሉም እንዲሁ ነው። ጉድለቱን ቆጥሮ፣ አስፈርሞ፣ የእናንተ ጥፋት መሆኑን ማሳየት ያለበት እሱ ነው። ከደመወዝ ላይ ዝም ብሎ መቁረጥም አይችልም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል፤ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

አዋጁ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ይላል። ቀጠሮ ሲበዛ ከዚያ ያልፋል፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ። መጥሪያ አልደረሰም፣ ጠበቃ ታሟል፣ መዝገቡ ተቀይሯል ይባላል። ቀጠሮ አትቅሩ። ከሳሽ ከቀረ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል።

በመጨረሻ ስንብቱ ሕገወጥ ነው ተባለ። ወደ ሥራ መመለስ ወይስ ካሣ የሚለውን ስጠየቅ ካሣውን መረጥኩ። ከእነዚያ ሰዎች ጋር ፊት ለፊት እየተያየሁ መሥራት አልፈለግኩም። የምታገኙትን ለመገመት እንዲረዳችሁ በቀን 400 ብር የሚያገኝና ሰባት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛን ሒሳብ እንሥራ። የሕገወጥ ስንብት ካሣው የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ 72,000 ብር። ከዚህ በተጨማሪ የስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዙ 30 እጥፍ፣ 12,000 ብር። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 4,000 ብር። ስድስት ዓመት ሲባዛ 24,000፣ በድምሩ 36,000 ብር። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። በዚህ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ይጨመራል። እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር። ያልተጠቀማችሁበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይለወጣል። የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ፈቃዱ በጥፋት የተሰናበተ ሰውም መብት ነው፤ ብዙዎች «በጥፋት ስለወጣሁ ምንም የለኝም» ብለው ይተዉታል።

ወደ ሥራ መመለስን የሚመርጥ ሰው ደግሞ ፍርድ ቤቱ እስከ 6 ወር ውዝፍ ደመወዝ ሊወስንለት ይችላል፤ ይግባኝ ተብሎ ውሳኔው ከጸና እስከ አንድ ዓመት። የኑሮው ነገር ተመልሳችሁ እንድትገቡ የሚያስገድዳችሁ ከሆነ ይህን አስቡበት።

ድርጅቱ ይግባኝ አለ፤ የፍርዱን አፈጻጸም አሳገደ። ይግባኝ የሚቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው። ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን አጸናልኝ። መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ከተባለ ከዚያ በላይ ያለው ሰበር ሰሚ ችሎት ብቻ ነው። ግን የፍርድ ግልባጭ ይዞ መውጣት ገንዘብ ይዞ መውጣት አይደለም። ድርጅቱ በፈቃዱ ካልከፈለ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት አለባችሁ። ለዚህ የሚጠቅመው ነገር የባንክ ሒሳባቸውን ማወቅ ነው። እኔ የደመወዝ ገቢዬን ዝርዝር ከባንክ ሳወጣ ከየትኛው ባንክ እንደሚልኩልን አየሁ። በአፈጻጸም ማመልከቻው ላይ ጻፍኩት። ፍርድ ቤቱ ለባንኩ ትእዛዝ ሲጽፍ ክፍያው ወዲያው መጣ።

ሳይከሱ የሚጨርሱም አሉና ለእነሱ አንድ ነገር ልበል። ውል ሲቋረጥ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ ሊወስንበት ይችላል። የድርጅቱን ንብረት ካልመለሳችሁ ግን መዘግየቱ በእናንተ ይላከካል። ስለዚህ ላፕቶፕ፣ ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ የደንብ ልብስ ቶሎ አስረክቡ፤ ያስረከባችሁበትን ወረቀት አስፈርሙ። የሥራ ልምድ ማስረጃም በነፃ የሚሰጥ መብት ነው። መልቀቂያ ለማስፈረም መያዣ ሊያደርጉት አይችሉም። እኔንም «ንጹህ አድርገን እንሰጥሻለን» ሲሉኝ የሚሸጡልኝ የራሴን ነገር ነበር።

ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እህቶች፣ የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ሙሉ ደመወዝ ያለበት ነው። በእርግዝና ወቅትና ከወለዳችሁ በኋላ ባሉት 4 ወራት ውስጥ ሊያሰናብቷችሁ አይችሉም። በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ የደረሰባትም ያለማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለች፤ ካሣም አላት። ግን የለቀቀችበትን ምክንያት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባት፤ ለዚህ ያላት ጊዜ 15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። አጭር ነው፤ በጣም አጭር። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ሰው አማክሩ።

ደመወዛችሁ ላይ የጡረታ 7 በመቶ እየተቆረጠ ከሆነ አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ገቢ ማድረግ አለበት። ገቢ መሆኑን ሳትሰናበቱ፣ አሁን ሥራ ላይ እያላችሁ አረጋግጡ።

የት ልሂድ ለምትሉ፦ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በማኅበራችሁ በኩል ወደ ፌዴሬሽኑና ወደ ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) መድረስ ትችላላችሁ። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው። ሴቶች የነገርኳችሁ ማኅበር አለላችሁ። የአካባቢያችሁ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ይልካል፤ ያስማማልም። ስትሄዱ የስንብት ደብዳቤውን፣ የቅጥር ደብዳቤውን፣ የመጨረሻ ሦስት ወር የባንክ ዝርዝራችሁንና ማህተም ያለበት ማንኛውንም ወረቀት ያዙ። የተሰናበታችሁበትን ቀንም ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።